የጠፋ ውስብስብ አካል በዝግመተ ለውጥ ይመለሳል? የዶሎ ሕግ፣ የዱላ መሰል ነፍሳት ክንፍ እና የእንቁራሪት ጥርስ

ሥረ_ነገር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጠፍቶ የነበረ ውስብስብ አካል በዝግመተ ለውጥ ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለውን በማስረጃ እንድንነጋገርበት ፈልጌ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

በ2003 ዋይቲንግ፣ ብራድለርና ማክስዌል ኔቸር ላይ ባወጡት ጥናት፣ ዱላ መሰል ነፍሳት ከክንፍ አልባ ቅድመ አያት እንደመጡና ከዚያ በኋላ ክንፍ እስከ አራት ጊዜ እንደተመለሰላቸው ጽፈዋል። መማሪያ መጻሕፍት ደግሞ «የጠፋ ውስብስብ አካል አይመለስም» የሚለውን የዶሎ ሕግ ይጠቅሳሉ። ክንፍ እኮ የአንድ ጂን ሥራ አይደለም፤ መታጠፊያው፣ ጡንቻው፣ የሥሮቹ መረብ፣ ነርቩ ሁሉ መገጣጠም አለበት። ሥራ ፈቶ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀመጠ መመሪያ እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል? ደግሞስ ዛሬ በሕይወት ካሉ ዝርያዎች የተሠራ የዘር ሐረግ ዛፍ ብቻ ይዞ «ተመልሷል» ማለት ምን ያህል ያስተማምናል?

ቅሪተ_አካል፦

መጀመሪያ ዶሎ ራሱ ያለውን፣ ሌሎች በኋላ በስሙ ከጨመሩበት እንለይ። ሉዊ ዶሎ በ1878 ቤልጂየም ውስጥ በቤርኒሳር የከሰል ማዕድን የተገኙትን የኢግዋኖዶን አፅሞች ብራስልስ ላይ ያጠና ሰው ነው። ሐሳቡን በ1893 ሲያወጣ የተናገረው ስለ ሙሉ ፍጡር ነበር፦ አንድ ፍጡር በቅድመ አያቶቹ ወደነበረ ሁኔታ በትክክል አይመለስም፤ ወደ ቀድሞ ኑሮው ቢመለስ እንኳ ያለፈበት መንገድ ምልክት አካሉ ላይ ይቀራል። ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1970 ይህን ልዩነት በሚገባ አሳይቷል። «ብዙ ሚውቴሽኖች በነበሩበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ወደ ኋላ የመገልበጣቸው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው» የሚለውን የይሆናል ስሌት ያመጣው ሄርማን ሙለር ነው፤ ያውም በ1939።

ስለዚህ ክርክሩ ሁለት ነው። አንደኛው «ያው የድሮው አካል፣ በያው አሠራር ተመለሰ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሚሠራ ክንፍ፣ የሚሠራ ጥርስ እንደገና ተገኘ ወይ?» የሚል ነው። የዱላ መሰሎቹን ክንፍ ብንወስድ፣ ዛሬ ከሚበሩት ውስጥ አብዛኞቹ የፊት ክንፋቸው አጭር ቅርፊት ነው፤ የሚያበርራቸው የኋላው ነው። ከመካከለኛው የሕይወት ዘመን (ከዳይኖሰሮች ዘመን) የተገኙት ጥንታዊ ዘመዶቻቸው ግን ረጅም የፊት ክንፍ ነበራቸው። ክንፉ ተመልሷል ብንል እንኳ የተመለሰው የድሮው አይደለም። በዶሎ የመጀመሪያ አነጋገር ሕጉ አልተጣሰም ማለት ነው። የሚያከራክረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ እኔም ውይይቱ በዚያ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጂን_አንባቢ፦

ሥረ_ነገር፣ ስለ መበላሸቱ ያነሳኸውን በቁጥር ማየት ይቻላል።

ጂን ሥራ ሲፈታ ተፈጥሯዊ ምርጫ ጥበቃውን ያነሳል። ለምሳሌ ያህል የፕሮቲን መመሪያው 1,000 የዲኤንኤ ፊደል የሆነ ጂን እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ፊደል በዓመት ከቢሊዮን 2 የመለወጥ ዕድል ይኑረው፤ ይህ ለአጥቢዎች ተቀራራቢ ግምት ነው። ጂኑ በአማካይ በየ500,000 ዓመቱ አንድ ለውጥ ይደርስበታል። ከለውጦቹ ግማሹ ጂኑን ይገድላል ብንል፣ አንድ ገዳይ ምት በአማካይ በየሚሊዮን ዓመቱ ያርፍበታል። እንግዲህ ጂኑ ሳይገደል የመቆየቱ ዕድል ከ1 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 37 በመቶ፣ ከ3 ሚሊዮን በኋላ 5 በመቶ፣ ከ6 ሚሊዮን በኋላ ሩብ በመቶ ነው፤ ከ10 ሚሊዮን በኋላ ከ0.005 በመቶ በታች ይወርዳል። ማርሻልና ሁለቱ ራፎች በ1994 የደረሱበት ድምዳሜም እዚሁ አካባቢ ነው፦ ሥራ የፈታ ጂን ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ 10 ሚሊዮን ካለፈ ግን ተስፋ የለውም።

ይህ ለአንድ ጂን ነው። አካሉ ሌላ ሥራ የሌላቸው 10 ጂኖች ቢፈልግ፣ አሥሩም ደህና ሆነው የመገኘታቸው ዕድል በ100,000 ዓመት ውስጥ ብቻ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ በግማሽ ሚሊዮን ዓመት 1 በመቶ አይሞላም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ግን ይህ ስሌት የሚሠራው በእርግጥ ሥራ ለፈቱ ጂኖች ብቻ መሆኑን ነው። አካል ጠፋ ማለት ጂኖቹ ሥራ ፈቱ ማለት አይደለም። ልዩነቱን ከእንቁራሪትና ከወፍ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የእንቁራሪቶች ቅድመ አያት የታችኛው መንጋጋ ጥርሱን ያጣው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ካሉት ሁሉ በታችኛው መንጋጋ እውነተኛ ጥርስ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ ጋስትሮቴካ ጉንተሪ ይባላል፤ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ይገኛል። ዊንስ በ2011 ጥርሱ ባለፉት 5 እስከ 17 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እንደተመለሰ ገመተ። በ2022 ፓሉህና ባልደረቦቹ ጥርሱን በስስ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዴንቲንም (የጥርሱ ዋና አካል) ኢናሜልም (ጠንካራ ሽፋኑ) አለው። እንዴት ቆየ? አብዛኞቹ እንቁራሪቶች የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸውን አላጡም። ጥርስ የሚሠራው የጂን ስብስብ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታም። የጠፋው «ታችም ሥራ» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነበር።

ወፎች ግን ላይም ታችም አጡ። ሜሬዲትና ባልደረቦቹ በ2014 የ48 ወፎችን ጂኖም ሲያዩ ለኢናሜልና ለዴንቲን ብቻ የሚያገለግሉት ስድስቱም ጂኖች ሞተው ነው የተገኙት፤ የኢናሜሉን መጥፋት ወደ 116 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወሰዱት። በ2006 ታልፒድ2 የተባለ ሚውቴሽን ባላቸው የጫጩት ፅንሶች ላይ ሾጣጣ የጥርስ ጅምር መታየቱ እውነት ነው፤ ቅርፁን የሚያስጀምሩት ጂኖች ላባንና ሌላውንም ስለሚሠሩ ሕያው ናቸው። ነገር ግን ኢናሜል የለውም፣ ፅንሶቹም ከእንቁላሉ ሳይወጡ ይሞታሉ። ስለዚህ «የዶሮ ጥርስ ተመለሰ» የሚለውን ዜና እንዳለ አትቀበሉት።

ከዚህ አንድ የሚፈተን ትንበያ ይወጣል፦ ጥርስ ጨርሶ የሌላቸው የቡፎኒዴ ቤተሰብ እንቁራሪቶች ባለ ኢናሜል ጥርስ መልሰው አያበቅሉም። በእነሱ ላይ አሜሎጄኒን የተባለው ዋናው የኢናሜል ጂን ሞቶ መገኘቱ በ2021 ታትሟል።

ሥረ_ነገር፦

ይህ በጣም ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። እባቦችስ? እግራቸው ከጠፋ ከ100 ሚሊዮን ዓመት የማያንስ ጊዜ አልፏል። በ2016 ግን «17 ፊደል ሲመለስ እግር ተመለሰ» የሚል አንብቤያለሁ።

ጂን_አንባቢ፦

17ቱ ፊደል እውነት ነው፤ እግር የተመለሰው ግን አይጥ ላይ እንጂ እባብ ላይ አይደለም።

ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለው ጂን እግር እምቡጥ ላይ መቼና የት እንደሚበራ የሚወስን ዜድአርኤስ የሚባል የዲኤንኤ ቁራጭ አለ፤ ከጂኑ ወደ አንድ ሚሊዮን ፊደል ገደማ ርቆ ይገኛል። ክቮንና ባልደረቦቹ የአይጥን ዜድአርኤስ አውጥተው በሌሎች እንስሳት ተኩ። የሰው ሲገባ እግሩ ደህና ሆነ። የኮብራ ወይም የፓይተን ሲገባ እግሩ ገና ሲጀምር ቆመ። ከዚያ እባቦች የጎደላቸውን 17 ፊደል የፓይተኑ ቁራጭ ላይ ጨምረው ሲያስገቡት አይጡ ሙሉ እግር አወጣ።

አይጡ ግን ሌላውን ሁሉ ይዞ ነው የጠበቀው፦ ትከሻ፣ ጡንቻ፣ የእግር እምቡጥ የሚያስነሱ ሌሎች ማብሪያዎች። ያው ለውጥ እባብ ላይ ቢደረግ የፊት እግር ይወጣል ለማለት ምንም ማስረጃ የለም። የሚገርመው ሌላው ነው። ኢንፋንቴና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳዩት ብዙዎቹ የእግር ማብሪያዎች እባብ ውስጥ አልጠፉም፤ የኋላ እግርና የመራቢያ አካል አንድ ዓይነት ማብሪያ ይጋራሉ። እግር ቢጠፋም የመራቢያ አካሉ ማብሪያውን ከመሞት ጠብቆታል። ጠፋ የምንለውን አካል ሁሉ ስንመረምር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ክፍሎቹን ሌላ ማን ይጠቀምባቸዋል?

ሞዴል_ሠሪ፦

የሥረ_ነገርን ሁለተኛ ጥያቄ፣ ዛፍ ብቻ ይዞ «ተመልሷል» ማለት ያስተማምናል ወይ የሚለውን፣ እኔ ልውሰደው፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና።

የ2003ቱ ጥናት ዓይነት አሠራር በመሠረቱ ቆጠራ ነው። አራት መመለስና አንድ መጥፋት አምስት ክስተት ነው እንበል፤ መመለስን ከከለከልን ደግሞ 12 መጥፋት ያስፈልገናል (ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው)። አምስት ከ12 ያንሳልና «ተመለሰ» ይባላል። ይሁን እንጂ ይህ መመለስና መጥፋት እኩል ይከብዳሉ ብሎ ነው የሚጀምረው። መመለስ ከመጥፋት 2.75 እጥፍ በላይ ይከብዳል ያልን እንደሆነ መልሱ ይገለበጣል። ክንፍ ማጣት ደሴት ላይ፣ ተራራ ላይ፣ ጥገኛ ነፍሳት ላይ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የሚያውቅ ሰው 2.75 እጥፍን ትልቅ ቁጥር አይለውም።

ስለዚህ ሰዎች ወደ ፍጥነት ሞዴሎች ሄዱ፦ የመጥፋት ፍጥነት አንድ፣ የመመለስ ፍጥነት አንድ። ሁለቱንም ነፃ የለቀቀ ሞዴልና የመመለሱን ዜሮ ላይ ያሰረ ሞዴል ይነጻጸራሉ። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ በፋይቱልስ ወይም በዳይቨርሲትሪ ጥቅል በአንድ ከሰዓት ይሠራል። እዚህ ላይ ሦስት ቦታ ይወድቃል።

አንደኛው የዛፉ ሥር፣ ማለትም የሁሉም ቅድመ አያት፣ ነው፤ ብዙ ጥናት ያበላሸው እሱ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ሥሩ ላይ ምን እንደነበር ሳይነገረው ሲቀር የሞዴሉን የመጨረሻ ሚዛን (ረጅም ጊዜ ሲሄድ የሚረጋበትን) ይወስዳል። መመለስ በተከለከለበት ሞዴል የመጨረሻው ሚዛን «ሁሉም አጥቷል» ነው። እንግዲህ ሥሩ ክንፍ አልባ፣ መመለስም ክልክል፤ ሆኖም ጫፍ ላይ፣ ማለትም ዛሬ ካሉት መካከል፣ ባለ ክንፍ ዝርያዎች አሉ። የዚህ ዕድል ዜሮ ነው። የዶሎ ሞዴል ገና ሳይፈተን ተሸነፈ ማለት ነው። ጎልድበርግና ኢጊች በ2008 ይህን በዝርዝር አሳይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሥሩን ሁኔታ ከቅሪተ አካልና ከጎረቤት ቡድን አይተህ ራስህ እሰረው፤ እርግጠኛ ካልሆንክ በሁለቱም አስሮ ሠርቶ ሁለቱንም ውጤት ማሳወቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ባሕርዩ ራሱ የዝርያ መብዛትንና መጥፋትን ይነካል። ባለ ክንፎቹ በፍጥነት የሚበዙ ከሆነ ጫፉን ባለ ክንፍ ይሞላዋል፤ ይህን የማያውቅ ሞዴል «ከየት መጡ?» ብሎ መመለስን ይፈጥራል። ለዚህ በ2007 ባሕርዩንና የዝርያ መብዛትን አንድ ላይ የሚያሰላ ቢሲ (BiSSE) የተባለው ሞዴል መጣ። እሱ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ራቦስኪና ጎልድበርግ በ2015 ምንም ግንኙነት በሌለበት ግንኙነት እንደሚያሳይ አረጋገጡ፤ ስለዚህ በ2016 የወጣውን ሂሲን (HiSSE) ጨምሩበት። ከ300 ጫፍ በታች ባለው ዛፍ ላይ፣ ወይም አንደኛው ሁኔታ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፣ ቢሲ አቅም የለውም። ይህን ገደብ የማያሟላ ጥናት ስታዩ ወደሚቀጥለው ማለፍ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው፣ ፍጥነቱ በዛፉ ላይ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መጀመር ነው። ፓይረንና በርብሪንክ በ2014 የእንሽላሊትና የእባብ ሁሉ ቅድመ አያት ሳይወልድ አልቀረም፣ እንቁላል መጣል በኋላ ብዙ ጊዜ ተመለሰ ብለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኪንግና ሊ ፍጥነቱ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እንዲለያይ ሲፈቅዱ ድምዳሜው ፈረሰ፤ ቅድመ አያቱ እንቁላል ጣይ ሆነ።

ንጽጽሩን በቁጥር ለማየት ለሚፈልግ፦ የታሰረው ሞዴል ሎግ ላይክሊሁድ (ሞዴሉ ከመረጃው ጋር የሚስማማበት መጠን) −84.2 (አንድ መለኪያ)፣ ነፃው −82.9 (ሁለት መለኪያ) ወጣ እንበል። ኤአይሲ (መለኪያ ለበዛበት ሞዴል ቅጣት ጨምሮ የሚያወዳድር ነጥብ፤ ያነሰው ይሻላል) 170.4 እና 169.8 ነው፤ የ0.6 ልዩነት ምንም አይናገርም። በሬሾ ፈተና 2.6 ነው። ዜሮ የመለኪያው ጠርዝ ስለሆነ የሚወዳደረው ከተለመደው 3.84 ጋር ሳይሆን ከ2.71 ጋር ነው፤ ያንንም አያልፍም። «ነፃው ሞዴል አሸነፈ» ተብሎ በ0.6 የተጻፈ ድምዳሜ ካያችሁ እመኑኝ፣ የዶሎ ሕግ አልተነካም።

ሦስት_ጥንድ_እግር፦

ሞዴል_ሠሪ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን የዱላ መሰሎቹን ጉዳይ ከሞዴሉ በፊት የሚያበላሸው መረጃ አሞላሉ ነው።

ዱላ መሰሎች ላይ ወንዱ ክንፍ ኖሮት ሴቷ የሌላት ዝርያ ብዙ ነው። ሠንጠረዡን በሴት ናሙና የሞላ ሰው «ክንፍ የለም» ይላል፤ ነገር ግን ያ ዝርያ የክንፍ መመሪያውን ሁሉ ይዟል፣ በየትውልዱም በወንዶቹ ላይ ይጠቀምበታል። ከዚህ ዝርያ የወጣ ሴቷም የምትበር ዝርያ ምንም አላስመለሰም፤ ፆታ የሚለየውን ማብሪያ ብቻ ነው የቀየረው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ቢያንስ ለወንድና ለሴት፣ ለፊትና ለኋላ ክንፍ ተለይቶ መሞላት አለበት። አጭር ክንፍንም «የለም» ውስጥ መክተት አይገባም፤ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ሁኔታ ነው።

የሥሩ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከሁሉም ዱላ መሰሎች ቀድሞ የተለየው ቲሜማ በሁለቱም ፆታ ክንፍ አልባ ነው። የቅርብ ዘመድ ተደርጎ የሚወሰደው የድር ፈታይ ነፍሳት ቡድን፣ ኤምቢዮፕቴራ፣ ሴቶቹ ሁሉ ክንፍ አልባ፣ ከወንዶቹ ግን ብዙዎቹ ባለ ክንፍ ናቸው። ሥሩን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ብሎ ማሰር ያስቸግራል። «በወንድ አለ» ካልን ግን ብዙው ውጥረት ይረግባል።

ከጂን_አንባቢ ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለኝ። ጂኖቹ በሌላ ሥራ ስለተጠበቁ ብቻ አካሉ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ጂኖቹን በቅደም ተከተል የሚያገናኘው የዕድገት መስመር መጠበቅ አለበት። ይህ በጉንዳን ላይ በደንብ ታይቷል። ፌይዶሌ ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው የጉንዳን ወገን ነው። ሠራተኛና ወታደር በሁሉም አለ፤ ጭንቅላተ ግዙፍ «ልዕለ ወታደር» ያላቸው ግን ስምንት ገደማ ብቻ ናቸው። ራጃኩማርና ባልደረቦቹ በ2012 ልዕለ ወታደር በሌላቸው ዝርያዎች እጮች ላይ ሜቶፕሪን የተባለውን የጁቨናይል ሆርሞን (የነፍሳት ዕድገት ሆርሞን) አምሳያ ሲቀቡ ልዕለ ወታደር ወጣ። መስመሩ የዳነው ተራ ወታደር የሚያስወጣውን የሆርሞን መስመር ስለሚጋራ ነው። ለዚህ ዓይነት ሙከራ ወሳኙ ሰዓቱ ነው፦ ሆርሞኑ የሚሠራው እጩ ለሆርሞኑ ስሜት ባለው አጭር መስኮት ውስጥ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከተቀባ ውጤት የለም፣ ሲበዛም እጩን ይገድላል። «ቀባን፣ ምንም አልወጣም» የሚል ውጤት ስለዚህ ብዙ አይመዝንም፤ «ወጣ» የሚለው ነው የሚመዝነው።

ረቂቅ_ሕይወት፦

እዚህ ላይ ባክቴሪያ ይግባ፤ መመለስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይን ያየንበት ሙከራ አለና።

ቴይለርና ባልደረቦቿ በ2015 ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ላይ የፍላጀላውን (የመዋኛ ጅራቱን) ዋና አዛዥ፣ ፍሊኪው የተባለውን ጂን፣ ቆርጠው ጣሉት። ፍላጀላ የሚሠሩት በርካታ ጂኖች ደህና ናቸው፣ አዛዥ ግን የላቸውም። ባክቴሪያው ለስላሳ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት እንደ ጄሊ ያለ ነገር) መካከል ተቀመጠ፤ በዙሪያው ያለውን ምግብ ሲጨርስ መንቀሳቀስ የቻለ ብቻ ይተርፋል። በ96 ሰዓት ውስጥ መዋኘት ተመለሰ፣ ያውም በተደጋጋሚ በአንድ ዓይነት መንገድ። መጀመሪያ አንድ ሚውቴሽን ኤንቲአርሲ የተባለውን የናይትሮጅን አዛዥ ከልክ በላይ አነቃው፤ የፍሊኪው የሩቅ ዘመድ ስለሆነ ሲበዛ የፍላጀላ ጂኖችንም ማዘዝ ጀመረ። የናይትሮጅን አጠቃቀሙ ግን ተዛባ። ቀጥሎ ሁለተኛ ሚውቴሽን ኤንቲአርሲን ራሱን ከናይትሮጅን አርቆ ወደ ፍላጀላ አዞረው።

የተመለሰው የድሮው አዛዥ አይደለም፤ ሌላ ሹም ነው ቦታውን የያዘው። ፍላጀላው ግን ያው ነው። ሙከራውን ማስተማሪያ ለማድረግ ለሚያስብ፦ ለመዋኛ ሳህን አጋሩ ከ0.3 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይሻላል። ከ0.5 በመቶ ካለፈ በአጋሩ ውስጥ መዋኘት ይታገዳልና የምትፈትነው ሌላ ነገር ይሆናል። ሳህኑን አትገልብጡት፤ ይንሸራተታል። ላዩ ላይ ውሃ ካለም ባክቴሪያው በውሃው ተንሸራቶ የሚዋኝ ይመስላል። ጂኑ በሚውቴሽን ከተሰበረ ሳይሆን ተቆርጦ ከወጣ ዘር መጀመርም ግድ ነው፤ አለበለዚያ ያየኸው ያንኑ ስብራት መጠገን ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ፤ መዋስ። ዊከርሃሚየላና ስታርመሬላ የሚባሉት የእርሾ ወገኖች የአልኮል ፍላታቸውን አጥተው መልሰው አግኝተዋል፤ በ2018 ጎንሳልቬሽና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት አልኮል የሚሠራውን ኢንዛይም ያገኙት ከባክቴሪያ ነው። የራሳቸው ጂን አልተነሳም፤ የሌላ ፍጡር ጂን ገባ። ይህ ግን እንደ ክንፍ ላለ አካል አይሆንም፤ አንድ ሁለት ጂን የሚፈታው ችግር ላይ ብቻ ነው።

ሥረ_ነገር፦

ስለዚህ የጂን_አንባቢ የ10 ሚሊዮን ዓመት ገደብ ለአንድ ጂን ራሱ ተጥሶ ያውቃል? በሰው ላይ አይአርጂኤም የሚባል ጂን «ሞቶ ተነሳ» ተብሎ ነበር።

ጂን_አንባቢ፦

አዎ፣ ጥሩ አነሳህ። ቤክፔንና ባልደረቦቹ በ2009 ያወጡት ነው። የዛሬ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በዝንጀሮዎችና በእኛ የጋራ ቅድመ አያት ላይ «አሉ» (Alu) በሚል ስም የሚታወቅ ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ገብቶ ጂኑን ሰበረው። ዛሬም ብዙ ዝንጀሮዎች ላይ የተሰበረ ነው። በሰውና በታላላቅ ጦጣዎች ወገን ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ኢአርቪ9 የተባለ የጥንት ቫይረስ ቅሪት ከጎኑ ገብቶ ማብሪያ ሆነው፤ የንባብ መስመሩም (ሴሉ ፊደሎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ የሚያነብበት አከፋፈል) ተቃና። የሰው አይአርጂኤም 181 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ ከ550 ፊደል ያነሰ። አጭር ዒላማ ነው፣ ምቱም ያንሳል፤ ያም ሆኖ በስሌቱ መሠረት 20 ሚሊዮን ዓመት የመቆየቱ ዕድል ከ0.01 በመቶ በታች ስለሆነ እጅግ ብርቅ ጉዳይ ነው። አምስት እጥፍ ቢረዝም ኖሮ ዕድሉ ከዚህም እጅግ ባነሰ ነበር።

በሌላ በኩል ተስፋውን የሚያጠብብ ነገር አለ፤ ጂኑ ሕያው ሆኖም ወደ ኋላ መመለስ የማይችልበት ሁኔታ። ብሪጅሃም፣ ኦርትሉንድና ቶርንተን በ2009 ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የኮርቲሶል ተቀባይ ፕሮቲን በላቦራቶሪ መልሰው ሠሩ። የድሮው ተቀባይ ብዙ ሆርሞን ይቀበል ነበር፤ የኋለኛው ኮርቲሶልን ብቻ መረጠ። ለምርጫው ተጠያቂ የሆኑትን ለውጦች ወደ ኋላ ሲገለብጡ የድሮው ሥራ አልተመለሰም፤ ፕሮቲኑ ጭራሽ ሞተ። ምክንያቱ በመሃል የገቡ ሌሎች አምስት ለውጦች ናቸው፤ ለአዲሱ ቅርፅ የማይጎዱ፣ የድሮውን ቅርፅ ግን የማይሸከሙ። አምስቱ መጀመሪያ ሲገለበጡ መንገዱ ተከፈተ። ብቻቸውን ሲገለበጡ ግን ምንም ጥቅም አይሰጡም፤ ስለዚህ ተፈጥሯዊ ምርጫ በዚያ በኩል የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ለእኔ የዶሎን ሐሳብ በሞለኪውል ደረጃ ከሁሉ በላይ የሚደግፈው ይህ ነው።

ቅሪተ_አካል፦

የዶሎ «ምልክት ይቀራል» የሚለው ለመስክ ሥራም ይጠቅማል። የዓረብ ልሳነ ምድር የአሸዋ ቦአ፣ ኤሪክስ ጃያካሪ፣ ከሚወልዱ ዘመዶቹ መካከል ሆኖ እንቁላል ይጥላል። ሊንችና ዋግነር በ2010 መመለስ ነው ያሉት ከዛፉ ብቻ ተነስተው አይደለም፤ ጫጩቱ ቅርፊት የሚሰብርበት የእንቁላል ጥርስ የለውም። እንቁላል መጣል ከጥንት ሳይቋረጥ የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥርስ መቅረት አልነበረበትም። መመለስን ከዘላቂ ይዞታ የሚለየው እንዲህ ዓይነት ጉድለት ነው። ዛፍ ብቻ ያለው ሰው ይህን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሥረ_ነገር፦

እንግዲያው ጂኖም ተነቦለት ያለ ክንፍ አልባ ዝርያ ላይ የክንፉ መመሪያ ሕያው መሆኑን በተግባር እንዴት ይታያል?

ጂን_አንባቢ፦

ከሌሎች ባለ ክንፍ ነፍሳት የታወቁትን የክንፍ ጂኖች ለሁለት ክፈላቸው፦ እግርና አንቴናም የሚጠቀምባቸውና ክንፍ ብቻ የሚጠቀምባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሕያው መሆናቸው ምንም አይነግርህም፤ እግር እስካለ ይኖራሉ። ሁለተኛዎቹ ላይ አሚኖ አሲድ የሚቀይሩትን ለውጦች ፍጥነት ከማይቀይሩት ጋር አወዳድር፤ ፓምል በተባለ ፕሮግራም ይሠራል። ሬሾው 1 አካባቢ ከሆነ ጥበቃው ተነስቷል፤ ከ1 እጅግ ካነሰ አንድ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ሬሾውን በክንፍ አልባው ቅርንጫፍ ብቻ ነፃ ልቀቀውና 1 ላይ ካሰርከው ሞዴል ጋር አነጻጽር። አጭር ቅርንጫፍ ላይ ለውጡ ጥቂት ስለሚሆን ፈተናው አቅም ያጣል።

የሞተ መስሎ የሚያታልለው ብዙ ነው። የጂኖም አገጣጠም ስህተት አንድ ፊደል ጥሎ የንባብ መስመሩን የሰበረ ያስመስላል፤ ጥሬው ንባብ ላይ ተመልሰህ ስብራቱ በአብዛኞቹ ንባቦች መኖሩን እይ። ጂ እና ሲ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት የበዙበት ጂን አሮጌ ጂኖሞች ላይ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይታይም፤ ወፎች ላይ «ጠፍተዋል» ከተባሉት አንዳንዶቹ በኋላ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ስብራት አይበቃም፤ በሁለት ዘመድ ዝርያዎች ያው ስብራት ያው ቦታ ላይ ከተገኘ ግን መሞቱን ብቻ ሳይሆን ከመለያየታቸው በፊት መሞቱን ያሳያል።

ሦስት_ጥንድ_እግር፦

ለዱላ መሰሎቹ ይህን ለመሥራት የተሻለው ቦታ ቲሜማ ነው፦ በሁለቱም ፆታ ክንፍ የለም፣ ጂኖሙ ተነቧል፣ ብዙ ዝርያ ስላለው የጋራ ስብራት መፈለግ ይቻላል። የክንፍ ብቻ የሆኑት ጂኖችና ማብሪያዎች እዚያ ተሰባብረው ከተገኙ፣ በሌሎቹ ደግሞ ሙሉ ከሆኑ፣ የሌሎቹ መስመር ክንፉን በወንዶቹ በኩል ሳያቋርጥ ይዞ ቆይቷል የሚለው ይጠነክራል። በቲሜማም ሙሉ ሆነው ከተገኙ ግን የ2003ቱ ጥናት ትልቁ መሰናክል ይነሳለታል፤ ያኔ ፍለጋው ክንፍ በሌለበት ሰውነት ላይ እነዚያን ጂኖች ማን እንደሚጠቀምባቸው ይሆናል። ገና ባላደገ ቲሜማ የደረት ጎን ላይ፣ ክንፍ ሊነሳበት በሚገባው ቦታ፣ ቬስቲጂያል የተባለው ጂን መብራት አለመብራቱን በቀለም ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ እንደ ማነጻጸሪያም ባለ ክንፍ ዝርያ በያው ዕድሜ አብሮ መቀባት አለበት።

ሞዴል_ሠሪ፦

ያንን ውጤት ሳይጠብቁ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር ልጨምር። በሦስት_ጥንድ_እግር ሠንጠረዥ፣ ማለትም ወንድና ሴት ተለይቶ፣ ዛፉን እንደገና አስኬዱት፤ ሥሩን በ«ወንድ ብቻ» እሰሩት። ከዚያ መመለስ በተከለከለበት ሞዴል 1,000 ሐሰተኛ ሠንጠረዥ አመንጩና ነፃው ሞዴል በስንቱ ላይ በስህተት «ተመለሰ» እንደሚል ቁጠሩ። ከ50 በላይ ከሆነ 2.71ን ትታችሁ ከዚሁ ማመንጫ የሚወጣውን ገደብ ተጠቀሙ።